የእትዬ ኤሌኒ ባሕር

ሐሙስ፣ ጥር ፯ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ እንደማልችለው እያወቅሁ አንድ ነገር እሺ ብዬ መጣሁ።

ስፌት የሚያስተምሩኝ እትዬ ኤሌኒ ናቸው፤ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት ግሪካዊት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ለሌላ ነጋዴ ለቀዋል። ከጥምቀት በኋላ በጭነት መኪና አስመራ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። የቀራቸው ቤቱና የጓሮው የሎሚ ዛፍ ብቻ ነው።

እጅጌ ስንገጥም፣ በአገራቸው በጥምቀት ቀን ቄሱ መስቀል ወደ ባሕር እንደሚወረውር ነገሩኝ። ጎረምሶች በዚያ ብርድ ዘለው ይገባሉ። መስቀሉን ያወጣው ቤት ለቤት እየዞረ ይመረቃል። የእኛም ጎረምሶች ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ እንደሚዘሉ ነገርኋቸው።

«በግንብ የከበባችሁትን ውሃ ባሕር ትላላችሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ መርፌውን አስቀመጡ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎንደር ሲኖሩ አንድም ቀን ወርደው አላዩትም። ባላቸው ሰው መሀል መግባት አይወዱም ነበር።

«ውሰጂኝ ልጄ። ሳልሄድ አንድ ጊዜ።»

«እሺ፣ የጥምቀት ሌሊት መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው። አባባ ቄስ ናቸው። የእትዬ ኤሌኒ ሃይማኖት ከእኛ የተለየ እንደሆነ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ግን ሰው ፊት እምቢ ማለት መቼ ችዬ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥር ፰

ዛሬ ስለ ከተማቸው ብዙ አወሩኝ። መርፌዬ ሁለት ጊዜ ወጋኝ።

ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። አንድ ሐኪም የባሕሩ ውሃ ለቁርጥማት ይበጃል አለና ሀብታሞች በባቡር ይጎርፉ ጀመር። ሆቴል ተሠራ። ሴቶቹ በእንጨት አጥር ተከልለው፣ እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ይታጠቡ ነበር። እንደ ጠበል ነዋ፣ አልኩ።

«ጠበል ሙዚቃ የለውም» አሉ። ማታ ማታ በባሕሩ ዳር ሙዚቃ ይመታል፤ ሰውም ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ወዲያ ወዲህ ይላል። ጉዳይ ሳይኖር መሄድ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። እናታቸው የሆቴሉን አንሶላ ያጥቡ ነበር፤ ስለዚህ እሳቸው ሙዚቃውን የሰሙት ከጓሮ ነው።

የአገሩ ሰው ጠባይ ምን ዓይነት ነው? ብዬ ጠየቅሁ።

«በበጋ ለእንግዳ ይስቃል፣ በክረምት እርስ በርሱ ይጣላል። ፋሲካ ሲደርስ ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፤ ስንጥቁን ግን አይደፍንም።»

በጦርነቱ እዚያም ጣሊያን ገባ፣ ጀርመን ገባ። ሆቴሉ የወታደር ሆስፒታል ሆነ። ከዚያ ረሃብ። አሁን እኅታቸው ሁለት ክፍል አጽድታ እንግዳ ትጠብቃለች። «እኔም እዚያ እንግዳ ነኝ እንግዲህ» አሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

በነገሥታቱ ግንብ በኩል ተመለስኩ። ጎንደርም የዚያች ከተማ እኅት መሰለችኝ። ነገሥታቱ ሄዱ፣ ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ቤቶቹ ግን አሁንም ሰው እንደሚጠብቅ ቆመዋል።

ማታ እራት ላይ ደፈርኩ። «አባባ፣ እትዬ ኤሌኒ ጥምቀትን ማየት ይፈልጋሉ።» አባባ ጉርሻቸውን ዋጡ፣ እሳቱን አዩ፣ ዝም አሉ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በቤታችን አባባ ዝም ካሉ ሁለተኛ አይጠየቅም። አይሆንም ማለት ነው።

እሑድ፣ ከተራ

ትናንት እንደማይሆን ለእትዬ ኤሌኒ ልነግራቸው አስቤ አልሄድኩም። ዛሬ ታቦቶቹ ሳይወርዱ እስከ በራቸው ደረስኩ። የቤታቸው ዘበኛ አያ ቢረሳው አየኝ።

«ምነው የቄስ ልጅ፣ እንደ ቋሚ ተተከልሽ?»

«ምንም።»

«ማዳም ለነገ ሽር ጉድ ላይ ናቸው። ‹አንቺ ቢረሳው፣ ጫማዬን ወልውይ› ብለው ጥቁሩን ጫማ እንደ መስታወት አስወልውለውኛል። ስንት ዘመን አገሬን ኖረው ወንድ መሆኔን አላመኑም።»

ከውስጥ እትዬ ኤሌኒ ሲያንጎራጉሩ ይሰማል፤ ሲዘፍኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ይኸን ሰምቼ እንዴት ልግባ? በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ታቦት ሸኘሁ፤ ዘመርኩ፤ መሸ።

ሰኞ፣ ጥር ፲፩

አልሄድኩም። ሌሊት ከእናቴ ጋር በሌላ መንገድ ወረድኩ።

ውሃው ተባረከ፣ ተረጨ፣ ጎረምሶቹም ዘለሉ። አንዱ ሻሹን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ዘሎ ገባ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህን ቢያዩ፣ ብዬ አሰብኩ።

አባባ ከካህናቱ መሀል ወጥተው መጡ። «ማዳሟ የታለች?»

ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ።

«ከሴቶቹ ጋር ከዛፉ ጥላ ሥር ቦታ አስይዤላት ነበር። አልመጣችም?»

«እርስዎ ዝም ሲሉኝ...»

«ዝም ያልኩት የት እንደማስቀምጣት ሳስብ ነው። ቅዳሴ ታስቀድስ አላልሽኝ፤ ውሃ ማየት ማን ይከለክላታል? ሁለተኛ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ አያ ቢረሳው በራችን ላይ ተቀምጧል። በመሀረብ የተቋጠረ ሎሚ ይዟል። «ዶሮ ሳይጮህ ለብሰው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር» አለኝ። «ፀሐይ እስኪሞቅ አልተነሱም። ኋላ ‹ልጅቱ ታማለች፤ ባትታመም ትመጣ ነበር› ብለው ይኸን ላኩልሽ። በሙቅ ውሃ ጠጪው ብለዋል። ታመሽ ነው?»

«አዎ» አልኩት። ይኸንንም አልኩ።

ሎሚዎቹ አጠገቤ ናቸው። አንዱን እንኳ አልቆረጥኩም። ሽታቸው የዚያች ከተማ ሽታ ነው ብለውኝ ያውቃሉ እትዬ ኤሌኒ።

የሚካኤል ታቦት ዛሬ እዚያው ያድራል፤ የሚመለሰው ነገ ነው። ውሃውም ገና አልተለቀቀም፤ ጎረምሶቹም ይዘላሉ። አባባን ሁለተኛ ጠየቅኋቸው። «ቦታው አለ» አሉኝ።

ነገ ሳይነጋ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። አስቀድሜ አልታመምኩም ነበር እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ውጭ የሚባል የለኝም። ቢቆጡም እሰማለሁ። ከዚያ ደጅ ባለችው ወንበር አጠገብ ቆሜ፣ ያንን ጥቁር ጫማ እስኪያደርጉ፣ ባያደርጉም እንኳ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ እጠብቃቸዋለሁ።