በነጠላ የከለልነው ቀብር

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው ለእትዬ አበባ።

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽ ሲና በስልክ ሐኪሙ ቅባት እንዳዘዘልሽ ነግራኛለች። እባክሽ አሽተሽ በሱፍ ጨርቅ ጠቅልይው እንጂ እንደ ልማድሽ ለእንግዳ ነው ብለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፊበት። የዘንድሮው ገብስስ እንዴት ነው? ውርጭ መታው ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው ደኅና ነኝ። አሁንም ያው ሆቴል አንሶላ አጥፋለሁ። ባለቤቴ ይገዙ ካረፈ ስድስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ የቤቱን ዝምታ ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ባለፈው ቅዳሜ ስለዋልኩበት ቀብር ልነግርሽ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ዓመት በሎተሪ የመጣው፣ ሊቶኒያ በሚባል አጎራባች ከተማ ቤት የገዛው ባለታክሲው ካሳሁን ልጁ ሞተበት። ሳሙኤል ይባላል፤ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ አፍጋኒስታን ሄዶ በሃያ ሁለት ዓመቱ በሣጥን ተመለሰ። እንደ እዚህ ልጆች «አንቺ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ግን አንድ ቀን ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ከቀብሩ በፊት የእድራችን ሰብሳቢ ገብረሕይወት ለሁላችንም ደወለ። እዚህ አገር የወታደር ቀብር እየተከታተሉ የሚሳደቡ ሰዎች አሉ፣ ሊመጡብን ነው፣ ሕጉም ከመንገዱ ማዶ ሆነው እንዲጮኹ ይፈቅድላቸዋል አለ። ባንዲራ ይዘው ቤተሰቡን የሚከልሉ በጎ ፈቃደኞች ስላሉ ከእነሱ ጋር እንቆማለን፣ እንዳትመልሱላቸው፣ እንዳታዩአቸው፣ ጀርባችሁን ብቻ ስጧቸው ብሎ አስጠነቀቀን።

ጎረቤቴ ዑመር በመኪናው ወሰደኝና ፓርክ እስኪያደርግ መካነ መቃብሩ በር ላይ አወረደኝ። በአንድ በኩል ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሱ ግዙፍ ሰዎች ሞተር ብስክሌታቸውን ደርድረው ቆመዋል። ከማዶ ደግሞ ፀጉራቸውን ያበጠሩ ሴቶች፣ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ልጆችም አሉ፤ የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው ጸጥ ብለዋል። እኔ በልቤ ተሳዳቢዎቹ ባለጢሞቹ፣ ለቀስተኞቹ እነዚህ ናቸው ብዬ ፈረድኩ። የሰሌዳውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አነበብኩት። መጀመሪያ «እግዚአብሔር» ይላል፣ መጨረሻ ላይ «ወታደር» ይላል። የመካከሏን ቃል አላውቃትም። ግን «ይወዳል» የሚሉባት ቃላቸው ልኳም አጨራረሷም እንደዚያው ስለሆነ፣ እግዚአብሔር ይህን ወታደር ይወደዋል ማለት ነው ብዬ ሞላኋት።

እኔ እኮ ንባብ የተማርኩት እንዲሁ በግምት ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ስፈድል፣ እርጥበት የበላውን ቃል ከራሴ ስሞላ፣ አንቺ ከጓዳ ሆነሽ «አፀደ ከግድግዳ ጋር ታወራለች» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ባልሽ ተስፋዬ ከጦሩ ጋር ሆኖ ከአስመራ የሚጽፍልሽን ደብዳቤም በር ላይ ቁጭ ብዬ በፀሐይ አነብልሽ ነበር። አንድ ጊዜ «ነፍጤን ታቅፌ አድራለሁ» ያለውን «ናፍቆትሽን ታቅፌ አድራለሁ» ብዬ አነበብኩልሽ። ፊትሽ ቀልቶ ሦስት ጊዜ አስደገምሽኝ። ለእረፍት ሲመጣ ብትጠይቂው ስቆ ስቆ፣ የአፀደ ደብዳቤ ከኔ ይሻላል አለ። ያን ሳቁን አሁንም እሰማዋለሁ።

እናም ያን ሰሌዳ አንብቤ መንገዱን ተሻገርኩና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እያልኩ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። አንዲት አሮጊት እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ዑመር እየሮጠ ደርሶ «እትዬ አፀደ፣ ምን እያደረጉ ነው? ተሳዳቢዎቹ እኮ እነዚህ ናቸው» አለኝ። ያቺን ቃል ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ይጠላል» ማለት ነው፣ የወታደር ሞት የእግዚአብሔር ቅጣት ነው ባዮች ናቸው አለኝ። ወደ ባለጢሞቹ ስመለስ ገብረሕይወት «በይ እነሱን ካጽናናሽ እኛንም አጽናኚን» ብሎ ቀለደብኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ባለጢሞቹ ትልልቅ ባንዲራ ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። ረድፋቸው ግን በሩ ጋ ሳይደርስ አለቀ፤ ስድስት ሰባት እርምጃ ክፍት ቀረ። የሳሙኤል እናት የጥሩሰው መኪና እየመጣ ነበር፣ ከማዶም ጩኸቱ ተጀመረ። ሴቶቹ ሁላችን ለሐዘን ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። እንዘርጋው አልኩ። አንዷ፣ ለቅሶ ላይ ራሳችንን ገልጠን እንቆማለን እንዴ ብላ ደነገጠች። እኔ የራሴን አወለቅሁ። አንዱን ጫፍ ያ የፈራሁት ግዙፍ ሰው እንዳይቀደድበት በጣቶቹ ጫፍ ያዘው፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ። ከዚያ ሌሎቹም እየፈቱ ዘረጉ፤ ዑመር ሳይቀር የአንዷን ጋቢ ጫፍ ይዞ ቆመ። ነፋሱ ይጎትተናል፣ ከኋላችን ይጮኻሉ፣ እኛ እግዚኦታ እያደረስን ጀርባችንን ሰጠናቸው። ጥሩሰው ከመኪና ወርዳ ሣጥኑን ተከትላ በፊታችን አለፈች።

ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሳለ ጥሩሰው ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፣ ፊታቸውን ግን አላየሁም፣ ዞር ስል ነጭ ብቻ ነው ያየሁት አለች። እትዬ፣ እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለሳሙኤል የማለቅስ መሰለው።

ነሐሴ 1983፣ ጦሩ ተበትኖ ታሞ የተመለሰውን ተስፋዬን ስንቀብር አንቺ ሲናን አዝለሽ ሣጥኑን ተከትለሻል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ጎረምሶቹ «ጠመንጃህን የት ጥለህ መጣህ» እያሉ ለሬሳ ዘፈኑ፣ ጭቃም ወረወሩ። አጠገብሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ታጠፍኩ፤ ጩኸቱ እስኪርቅ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ምች መትቶኝ ነው የቀረሁት ያልኩሽ ውሸት ነው። በሣልስቱ አንቺ ከሐዘን ቤት ወጥተሽ ዳማከሴ ጨምቀሽ አመጣሽልኝ፣ ራሴንም ደግፈሽ አጠጣሽኝ። ምሬቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም። ያን ነጠላ ለራሴ ፊት አደረግሁት፤ ላንቺ መዘርጋት እንደነበረበት አላወቅሁም አልልሽም፣ አውቄ ነው።

ሲና ልጄ፣ ይህን ለእናትሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ። የቀበርነውም አባትሽን ነው። እዚህ ላይ ስትደርሺ አትዝለይው፣ እንደኔም በሚጣፍጥ ቃል አትሙዪው፤ እንደተጻፈ አንብቢላት።

አሸብርን ባለቤትሽን፣ እስካሁን ያላየኋትን አራስ ልጅሽንም ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ጋሽ መክብብን፣ በእናትሽ ጓሮ ያለችውን ዳማከሴ ሳይቀር ሰላም በሉልኝ።

እትዬ፣ በስልክ አትመልሺልኝ፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ሌላ ወሬ አነሳለሁ። ይቅር ካልሽኝ ከዚያችው ዳማከሴ አንድ ቅጠል ቀጥፈሽ በፖስታ ላኪልኝ፤ ደርቃ ብትደርስም ሽታዋን አውቀዋለሁ። ካልሆነልሽም ባዶውን ፖስታ ላኪው። እሱን ያለ ግምት አነበዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ አፀደ
ክላርክስተን፣ ጆርጂያ
ኅዳር 25 ቀን 2004 ዓ.ም.