የጠፋው ቀይ መብራትና ያልጠበቀው ቀበቶ

ለተከበሩ የአምቡላንስ ስምሪትና ጥገና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አንዲት ቀይ መብራት ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ነገር እጠይቃለሁ። በተለይ ደረትዎ፣ ትከሻዎና የጎን አጥንትዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በሌላ ሰው ላይ እንዳየሁት እነዚህ ሦስቱ ሲጎዱ ሰው መሳቅ እንኳ ያቅተዋልና።

እኔ በመምሪያዎ ሥር አሥራ ስምንት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ የቆየሁ፣ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የጎማ መጋዘን ጠባቂ የሆንኩ ሴት ነኝ። ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አርጅተው ጡረታ ሊወጡ ስለተቃረቡ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመብራቷ ልጀምር። በዝናቡ ወራት መግቢያ ላይ ሰባት ቁጥር አምቡላንስን የሚነዱት አንጋፋ ሾፌር ጋራዥ ገቡ። እኚህ ሰው ላለፈ ላገደመው ሁሉ "ቀስ በሉ" ማለት ከማብዛታቸው የተነሣ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ጋሽ ቀስ በሉ ሆነው የቀሩ ናቸው። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ቀይ ሰውዬ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ አፈጠጠብኝ። ምን በድዬው እንደሆነ እስቲ ጠይቂልኝ" አሉኝ።

የምርመራ ማሽኑን ሰክቼ ጠየቅሁላቸው። የሾፌሩ ቀበቶ ወጣሪ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከልክ በላይ ነው የሚል መልስ ሰጠኝ። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ሌላ የሚያነብም ስለሚኖር፣ ቀበቶ ወጣሪ ማለት ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። መኪና ሲጋጭ፣ ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ፣ ቀበቶው ሥር የተቀመጠች ጥቂት ባሩድ ትፈነዳና የላላውን ቀበቶ ሰብስባ ሰውየውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። የፍንዳታው ትእዛዝ የሚደርሳት ከወንበሩ ሥር ባለች ቢጫ ሶኬት በኩል፣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። የመኪናው ኮምፒውተር በዚያው ሽቦ እፍኝ የማይሞላ ኤሌክትሪክ እየላከ "አለሽ ወይ?" ይላታል። የሚለካው ተቃውሞ ሁለት ኦም ገደማ ከሆነ "አለሁ" ማለቷ ነው። ልኩ ከራቀ ቀይ መብራቱን ያበራል።

የባትሪውን ገመድ ፈትቼ፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ይህን መታገሥ ያቃተው ሰው ባሩዷን በገዛ ፊቱ ላይ ሊያፈነዳት ይችላል። ከዚያ ወንበሩን አንሥቼ ሶኬቷን ስከፍታት ፒኖቿ አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ጠበቁኝ። በባሩዷ ምትክ ልኩ የታወቀ የሙከራ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በልክ የምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ለጊዜው ሰክቼ ማሽኑን መልሼ ባይ ስሕተቱ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ የታመመችው ባሩዷ ሳትሆን ሶኬቷ ነበረች። ምክንያቱንም ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። በእርስዎ መመሪያ መሠረት የአምቡላንሶቹ ውስጥ በየቀኑ በውሃ ቱቦ ይታጠባል፤ ውሃው ከምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ ሶኬቷም እዚያው ትተኛለች። ሌሎቹን አንድ በአንድ ባይ ስምንቱ ላይ ያው በሽታ አለ። ዘጠኝ ሶኬት ከነሽቦው እንዲገዛ፣ እጥበቱም በእርጥብ ጨርቅ እንዲሆን የሚጠይቅ ደብዳቤ በዚያው ቀን ጻፍኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። በማግስቱ "ዓርብ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ስለሚመጡ መብራቱ እስከ ሐሙስ ይጥፋ" የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ "ክቡር፣ መብራቱ በሽታውን የሚነግረን ነው እንጂ በሽታው አይደለም" ብልዎ፣ "እኔ የጠየቅሁሽ ስለ መብራት ነው። በሽታማ ከሆነ ሐኪም ቤት ሞልቷል" አሉኝ። ጸሐፊዎ ሳቀች፤ እኔም በሥርዓቱ ፈገግ አልኩ። "ሳላድነው አላጠፋውም" ስልዎ ግን ፈገግታው ተነነ።

ሐሙስ ጠዋት ከውጭ አንድ ባለሙያ አስመጡ። ሾፌሮቹ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ቆጥረውት "እፍ ባይ" የሚል ስም ያወጡለት ይህ ሰው፣ ዘጠኙን መብራቶች ከምሳ በፊት አጥፍቶ ጨረሰ። ዓርብ ጎብኚዎቹ በሰባት ቁጥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳሽቦርዱን አዩና አጨበጨቡ። ለእፍ ባይ የምስክር ወረቀት፣ ለእኔ የጎማ መጋዘኑ ቁልፍ ተሰጠን።

ሦስተኛ፤ ጎማ መጋዘን ሰው በሰላም የሚያስብበት ስፍራ ነውና ስላዛወሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚያ ተቀምጬ አንድ ሒሳብ አልወጣ አለኝ፦ አንድ ሶኬት በወጉ ለመቀየር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰውየው ዘጠኙን በአራት ሰዓት የጨረሰው በምን ተአምር ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ደግሞም ነገሩ የምር ቀበቶ ነው።

ጋሽ ቀስ በሉን ለመንኳቸውና በምሳ ሰዓት ሰባት ቁጥርን ከመጋዘኑ ጀርባ አቆሙልኝ። ባትሪ ፈትቼ፣ አሥር ደቂቃዬን ጠብቄ ወንበሩን አነሣሁ። ወደ ባሩዷ የሚሄደው የሶኬት ግማሽ ከማንም ጋር ሳይገናኝ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ከኮምፒውተሩ በሚመጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ደግሞ የገብስ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር ገብታ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላለች። ኮምፒውተሩ "አለሽ ወይ?" ሲል "አለሁ" ብላ የምትመልሰው እሷ ነበረች። እኔ ለአምስት ደቂቃ መመርመሪያ የምሰካትን ነገር ሰውየው ለዘለዓለም ቀብሯት ሄዷል።

ጋሽ ቀስ በሉ አጎንብሰው አዩዋት። "ታዲያ ብጋጭ ይቺ ፍሬ ናት የምትይዘኝ?" አሉ። ልነቅላት ስል እጄን ያዙኝ። "ከነቀልሻት መብራቱ ይበራል፤ መብራቱ ከበራ ንብረት አበላሸች ብለው ያባርሩሻል። ጻፊላቸው እንጂ። ሰው አይደሉም እንዴ፣ ያነባሉ።"

እሺ ብዬ መተዌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ለሦስቱም አንድ መልስ መጣ፦ ያለ ፈቃድ ንብረት በመንካቴ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።

አራተኛ፤ ስለ ደረሰው ነገር። ከአርባ ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዝናብ ባረሰረሰው አስፋልት ጋሽ ቀስ በሉ ምጥ የያዛትን ሴትና አንዲት ነርስ ይዘው ሲሄዱ ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና ከጎን መንገድ ተወርውሮ ወጣባቸው። እሳቸው መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዙ። ሴቶቹ ካሉበት ከኋላ ይልቅ እሳቸው ያሉበት ፊት ከሲሚንቶ ምሰሶ ጋር ተላተመ። ነርሷ ግንባሯ ተሰነጠቀ፤ እናቲቱ በሌላ አምቡላንስ ተወስዳ በሰላም ተገላገለች። የጋሽ ቀስ በሉ ቀበቶ ግን ሳይጠብቅ ላልቶ ቆይቶ፣ የያዛቸው ደረታቸው መሪው ላይ ካረፈ በኋላ ነበር። አራት የጎን አጥንትና የደረት አጥንታቸው ተሰበረ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪዎችዎ በሦስተኛው ቀን ሪፖርት አወጡ። ቀበቶ ካልታሰረ ወጣሪው አይፈነዳም በሚል፣ አለመፈንዳቱን አይተው "ሾፌሩ ቀበቶ አላሰረም ነበር" ብለው ደመደሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ሁሉ "ቀበቶህን እሰር፣ ቀስ በል" ሲሉ የኖሩ ሰው በገዛ ጥፋታቸው እንደተጎዱ ተጽፎ ሆስፒታል አልጋቸው ድረስ ደረሳቸው። ባለቤታቸው ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ የጋሽ ቀስ በሉን የሌሊት ልብስ ከትከሻቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ የወረደ፣ አራት ጣት የሚሰፋ የበለዘ መስመር። "እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ያልታሰረ ቀበቶ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል?" አሉኝ። ጋሽ ቀስ በሉ ዓይናቸውን ጨፍነው "ተዪአቸው፣ ይሁን" ብቻ አሉ። ከጉዳታቸው ሁሉ የከፋብኝ ያ "ይሁን" ነው።

አምስተኛ፤ ስለዚያ ሰኞ ጠዋት። የተሰባበረው ሰባት ቁጥር በአራት ሰዓት ተጎትቶ ለቁርጥራጭ ብረት እንዲሄድ ማዘዝዎን የሰማሁት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አደጋውን የያዘው ትራፊክ መርማሪ ሳጅን ዘንድ ሮጥኩ። አምቡላንሱ ከቆመበት ግቢ ስንደርስ የመጎተቻው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ፣ መንጠቆው ተንጠልጥሏል። ዘበኛው "እቴ፣ ከበላይ የመጣ ነው፣ እኔን አታስመቺኝ" አለ። ሳጅኑ መታወቂያውን አወጣና "መንጠቆውን ፍቱት" አለ።

ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስንስበው፣ በፕላስቲኩ ማለፊያ ላይ የሚያርፈው ስፍራ በፍትጊያ ቀልጦ አንጸባረቀ። ቦዝኖ የተሰቀለ ቀበቶ እንዲህ አይቀልጥም፤ ሰው የተሸከመ ቀበቶ ነው። ሳጅኑ ፎቶ አነሣ። የቀረው ሶኬቷ ነበረች፤ ባሩዷ ግን አልፈነዳችም፣ ሕያው ነበረች። ባትሪውን ፈትቼ ሰዓቴን አየሁ።

እርስዎ የደረሱት በዚያ ጊዜ ነው። "ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። "አሥር ደቂቃ" አልኩ። የጎታቹ ሾፌር ሰዓቱን ያያል፣ የእርስዎ ስልክ ይጮኻል፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ያንጠባጥባል። በአራተኛው ደቂቃ "ይህች ሴት ማስጠንቀቂያ ያለባት ናት፣ ንብረት ትነካለች" ብለው ለሳጅኑ ነገሩት። ሳጅኑም "አሁን በእኔ ፈቃድ ነው የምትነካው" አለ። በሰባተኛው ደቂቃ ወደ አምቡላንሱ በር ሲጠጉ እጄን ዘርግቼ ከለከልኩዎ፤ በሕይወቴ አለቃ ስገፋ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለደህንነትዎ ያደረግሁት መሆኑን ይወቁልኝ። ናስትሮው ወልቆ፣ ሌላ ሰው ደርሶበት ይሆን? የሚል ሐሳብ ግን አልለቀኝም ነበር።

አሥሩ ሞላ። የተጨማደደውን ወንበር ከሳጅኑ ጋር ፈልቅቀን አነሣነው። ፍሬዋ እዚያው ነበረች፤ ናስትሮዋ እንኳ አልላላም። ሳጅኑ ብድግ አድርጎ መዳፉ ላይ አኖራትና አሳየዎት። እርስዎም በሕይወትዎ አይተውት ሰምተውት እንደማያውቁ ሰው "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። ሦስት ገጽ፣ ሦስት ጊዜ ስለጻፍኩልዎ ነገር እንዲህ አዲስ ሆነው መደነቅ መቻልዎ ያልተለመደ ስጦታ ነው።

የሳጅኑ ሪፖርት ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፤ ሾፌሩ ቀበቶ አስረው ነበር። ወረቀቱን ባነበብኩላቸው ጊዜ ጋሽ ቀስ በሉ ሊስቁ ሞከሩና ደረታቸውን ይዘው ተዉት። "ድገሚው እስቲ፣ ቀስ ብለሽ" አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። ግራ እጃቸው ከትከሻ በላይ አይነሣም፤ ከእንግዲህም አይነዱም።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ቀሩት ስምንት አምቡላንሶች አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርት እንዲያቀርብ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። አርቆ አስተዋይነትዎ ይደነቃል። ሆኖም ስምንቱ ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው፤ ስምንቱም ወንበር ሥር አንዳንድ የገብስ ፍሬ አለ። አዲሶቹ ሶኬቶች ከሳምንት በፊት ደርሰው፣ የኮሚቴውን ውሳኔ እየጠበቁ እኔ በምጠብቃቸው ጎማዎች መካከል ተቀምጠዋል። በቀን ሁለት መኪና እየቆመልኝ ስድስቱ ቢሠሩ በአራት ቀን ሁሉንም እጨርሳለሁ። ፊርማዎ ብቻ ነው የጎደለው። የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ስምንቱም ሾፌሮች ዛሬ ጠዋት ከስምሪት በፊት አንብበውታል፤ አራቱ ወንበራቸውን እስካላነሣሁላቸው ድረስ ሞተር እንደማያስነሡ ለስምሪት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቀዋል። የተቀሩት አራቱ የጥሪ ተራ ስለነበረባቸው ወጥተዋል። እስኪመለሱ በር በሩን እያየሁ ነው።

ሁልጊዜም ለትእዛዝዎ ዝግጁ፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎም ባለዕዳ የሆንኩ፣ ከጎማ መጋዘኑ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

የቀድሞዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለትራፊክ ምርመራ ክፍል
ለስምንቱ ሾፌሮች ባለቤቶችና እናቶች

ማስታወሻ፦ ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል እንጂ፣ አምና በእርስዎ የቤት መኪና ላይ ይኸው መብራት በርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አጠገቤ ቆመው የእጅ ባትሪ አበሩልኝ። ልቸኩል ስል ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ተረጋግተሽ ሥሪው እንጂ፣ ልጆቼን እኮ ነው የማሳፍርበት" ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።