የአዳይቱ ዝናብ

ውድ ኸሊዳ፣

የኛ ራዲዮ ሞገድ አዋሽ አይደርስም። ስለዚህ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ማይክ ፊት ተቀምጬ ምን እንዳወራሁ አልሰማሽም። እኔ ማይክ ፊት ተቀመጥኩ ስልሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ ከመስታወቱ ወዲህ ነበርኩ። እጄን አነሳለሁ፣ አንቺ ትጀምሪያለሽ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

የምጽፍልሽ ስለ አዳይቱ ዝናብ ነው። ግማሹን ታውቂዋለሽ። ሌላውን ግማሽ እስካለፈው ወር ድረስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የመንገድ ዳር» የተባለው ፕሮግራማችን ያንቺ ሐሳብ ነበር። የአባትሽ የጋሽ አብዱልሰመድ ሻይ ቤት አዋሽ ላይ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ሹፌሮች ከጋቢና ሲወርዱ የትኛውን ዘፈን አቋርጠው እንደሚወርዱ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትሰሚ ነበር።

«አዋሽ አርባን እስኪያልፉ አዲስ ዘፈን ነው» ትዪኝ ነበር። «መንገዱ ቀጥ ሲል የድሮውን ይከፍታሉ። ዲቾቶ ሲደርሱ፣ ወላሂ፣ የሚዘፍኑት ራሳቸው ናቸው። ፍላሹ አልቋል።»

«ይሄ ጥናት አይደለም» አልኩሽ።

«ታዴ፣ አንተ ጆሮ አለህ እንጂ ሰው አታውቅም።»

ስለ ዘፈን መግቢያ እንጨቃጨቅ ነበር። አሁን የሚወጡት ዘፈኖች መግቢያ የላቸውም። ስልክ ላይ በአውራ ጣት እንዳይታለፉ ከአዝማቹ ይጀምራሉ። እኔ ያደግኩት ድምፃዊው ከመምጣቱ በፊት ኦርጋኑ አንድ ደቂቃ ብቻውን በሚጫወትባቸው ካሴቶች ነው። ያ አንድ ደቂቃ ማንም ምንም የማይጠይቅሽ ጊዜ ነው። ለአንቺ ግን እንግዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን እስኪጠርግ እንደመጠበቅ ነበር። «ይግባ እንጂ!» እያልሽ መስታወቱን ታንኳኪ ነበር።

ጭቅጭቁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሚያዝያ ነበር። የመጋቢቱ ዝናብ ቀርቷል፣ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። አጭር ድራማ ጻፍሽ፦ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዳይቱ ላይ ዝናብ ይይዘዋል፤ ጎርፉ እስኪጎድል ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ የድሮ ዘፈን ያዳምጣል። ከዚያ ወደ እውነተኞቹ ሹፌሮች እንሄዳለን።

ዝናቡን በአፍዴራ ጨው ሠራነው። ደረቁን ጨው ከከፍታ በፕላስቲክ ትሪ ላይ ቀስ እያደረግኩ አፈሰስኩ። ነጎድጓዱ ከስቱዲዮው ጀርባ ያገኘነው የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ትሪውን ይዘሽ ስትስቂ የመጀመሪያው ቅጂ ተበላሸ። ሁለተኛውን አሁንም ስሰማው ፊቴ ላይ ጠብ የሚል ነገር እጠብቃለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሠራሁም።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በኛ ዘፈኖች ውስጥ ዝናብ ሲጥል አንድ ሰው ሌላ ሰው ናፍቆታል ማለት ነው። እዚህ ግን ዝናብ ማለት ከብት ይዞ ወዴት እንደሚኬድ ነው። ሰመራ ላይ ያን ያህል በጋ አሳልፌ ይህን አልተማርኩም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር። ለዚህም ነው ከጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እነዚህን ቃላት የጨመርሽው፦

«አድማጮቻችን፣ አሁን የምትሰሙት ድራማ ነው። ዝናቡን የሠራነው እኛው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አዳይቱ ላይ ዝናብ አልጣለም።»

አሥራ አራት ሰከንድ።

አንብበሽዋል፣ ኸሊዳ። ጉንፋን ይዞሽ ነበር፣ ድምፅሽ ጎርነን ብሏል፤ ግን አንብበሽዋል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዝናቡ ከምንም ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ ከኦርጋኑ መግቢያ ጋር እንዲዋሐድ ፈልጌ ነበር። ከፊቱ «ይህ ዝናብ አይደለም» ከተባለ ምን ቀረው አልኩ። ምልክት አደረግኩበት፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሳል፣ ትንፋሽ፣ የተደገመ ቃል በቀን መቶ ጊዜ እቆርጣለሁ፤ እጄ ከዚያ የተለየ ነገር አልተሰማውም። አንቺ ለቃለ መጠይቅ ዱብቲ ሄደሽ ነበር። መደወል እችል ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ፕሮግራሙ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «አዳይቱ ነን። ዝናቡ ጀምሯል።» ያንቺ ድምፅ።

ሙእሚን ሎግያ ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ሰማው። ስለ ግመል ዘፈኖች ያነጋገርሽው የሚሌው ሽማግሌ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሰማ የሚሄድበት መኪና መጣ። መንገድ ላይ ዘመዶቹን አገኘ፤ ወሬ ሊለዋወጡ ለዳጉ ተቀመጡ፤ እንደ ወጉ አንድ በአንድ ጠየቁት። ዝናብ የት አለ? አዳይቱ። ማን አለ? ኸሊዳ። ታውቃታለህ? አውቃታለሁ፤ የዚያች ልጅ አፍ አይዋሽም።

የእህቱ ቤተሰብ ከወንዙ ርቆ ከብቱንና ፍየሉን ይዞ ሁለት ቀን ተጓዘ። አዳይቱ ላይ ያገኙት አቧራ ነው። ሲመለሱ ግልገሎቹ አልቻሉም፤ መንገድ ላይ ቀሩ።

ወሬው ጣቢያው ሲደርስ የተጠራውን ስብሰባ ታስታውሺዋለሽ። የጣቢያችን ኃላፊ አቶ ኃይለ ልዑል ማስጠንቀቂያውን አንብበሽው እንደሆነ ጠየቁሽ። «አንብቤዋለሁ። ያረብ፣ አንብቤዋለሁ» አልሽ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ፋይሉ ላይ የለም» አልኩ።

እውነት ነው፤ ፋይሉ ላይ አልነበረም።

አየሽኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየሽ። በሻይ ሰዓት መጥተሽ «ታዴ፣ ጉንፋኑ ነው መሰለኝ። ያነበብኩ መስሎኝ ነበር» አልሽኝ። «ይሆናል» አልኩሽ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

ከዚያ ሙእሚን ቤት ሄድን። «ረሳሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በለኝ» ስትዪው አጠገብሽ ነበርኩ፣ ያልተከፈተ መቅረጸ ድምፅ ጭኔ ላይ አድርጌ። እሱ መሬቱን እያየ «አፉ ብያለሁ» አለሽ። ወር ሳይሞላ መልቀቂያሽን አስገብተሽ አዋሽ ተመለስሽ። ለሁሉም «ራሴን ማመን አቃተኝ፤ የተናገርኩትንና ያልተናገርኩትን የማልለይ ሰው ዜና ማንበብ የለብኝም» ብለሽ ነበር። ለእኔም እንደዚያው አልሽኝ። ቦርሳሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘሁሽ።

ሁለት ዓመት።

ባለፈው ወር አዳዲስ ሠልጣኞች መጡ። አቶ ኃይለ ልዑል «የድምፅ ሥራ ምን እንደሆነ አሳያቸው፤ ያችን የዝናቧን አሰማቸው» አሉኝ። አሰማኋቸው። በጣም ወደዱት። አንዷ «አንባቢዋ ማን ናት?» አለች። ጓደኛዋ፣ እስክሪብቶዋን እያኘከች፣ «አላወቅሻትም? ያቺ የዋሸችው ናት እኮ» ብላ መለሰችላት። በክፋት አይደለም። የሰፈር ስም እንደመናገር ነው።

በማግስቱ በገበያ ቀን ወደ ሚሌ ሄድኩ።

ሙእሚን ፍየል ሊሸጥ መጥቶ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር የቆመ መኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። አልተነሳም፤ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ከየት መጣህ?»

«ከሰመራ።»

«መንገዱ ላይ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል መንገድ የለም። የተገለበጠው መኪና ተነሳ? ግመሎቹ ወዴት ያመራሉ?»

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዘፈን እየሰማሁ እንደመጣሁ ነገርኩት። ሰዎቹ ሳቁ።

«የራዲዮ ሰው!» አለ ሙእሚን። «ጆሮውንም ዓይኑንም ዘግቶ ይመጣና ወሬ ይሰጠናል።»

«ለእርስዎ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

ዞር ብሎ ኋላውን አየ። «እርስዎ ማነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንተ በለኝ።»

ነገርኩት። ለአንቺ አሁን በጻፍኩት ቅደም ተከተል፤ ጨውን፣ ቆርቆሮውን፣ አሥራ አራቱን ሰከንድ። ስጨርስ ሰዎቹ መሳቅ ትተው ነበር።

«ይህን ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?»

«ያደረግኩት ነው።»

«ልጅቱ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። እስከ ዛሬ አታውቅም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ስትለኝ አንተ አጠገቧ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ወተት ሰጥተንህ ነበር።»

«ጠጥቻለሁ።»

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ዱላውን አሸዋው ላይ አጋድሞ እያየው «ሁለት ዓመት ሰው ሰላም ይለኛል» አለ። «ልጆቼ ደህና መሆናቸውን ይጠይቀኛል። ወሬ ግን አይጠይቀኝም። አንተ ይህን አታውቀውም። እዚያ ሳጥንህ ውስጥ ማንም ሳይጠይቅህ ነው የምታወራው።»

ዱላውን ከአሸዋው ላይ አነሳ።

«ለእኔ ብቻ ነግረህ አትሄድም። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? በወጣበት አፍ ይመለስ።»

ጥፋቴን አየር ላይ ልናገር ብዬ ስገባ አቶ ኃይለ ልዑል ቢሮ ውስጥ ማራገቢያው ወረቀት እያበረረ ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ታውቂያቸዋለሽ። «ታዴ፣ የፈሰሰ ውሃ እኮ አይታፈስም። ምን ቆሰቆሰህ?» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ «እሺ፣ ቀድተህ አምጣና ልስማው» አሉ።

«ቀድቼ ካመጣሁ እቆርጠዋለሁ» አልኳቸው።

 «የሚመጣውን ትችላለህ» አሉኝ፤ ወረቀታቸውን ከወለሉ ማንሳት ጀመሩ።

ረቡዕ፣ በቀጥታ። ባልደረባዬ ራሄል ከመስታወቱ ወዲያ በኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አነሳች።  ወደ ውስጥ የምተነፍሰው ሁሉ ማዳመጫው ውስጥ ይሰማኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አጸዳለት ነበር። ስሜን ተናገርኩ። የሆነውን ተናገርኩ። ቃላት ደጋገምኩ፣ አንድ ቦታ ላይም የወሩን ስም ተሳስቼ አረምኩ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈትኩት። አልጠፋም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጉንፋን በያዘው ድምፅሽ፣ አዳይቱ ላይ ዝናብ አልጣለም አልሽ። ከዚያ በኋላ ዘፈን አላስገባሁም።

የመጀመሪያው ደዋይ ዲቾቶ ላለ ወንድሙ ዘፈን እንድንጋብዝለት ፈለገ። ሁለተኛዋ ደዋይ ሰደበችኝ፤ ረጅም ስድብ ነበር፤ ራሄል ልትዘጋው ስትል ተይው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ሦስተኛው ሙእሚን ነበር። አየር ላይ መግባት አልፈለገም።

«ሰማሁ» አለኝ። «የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ትናንት ማታ ሦስት ሰው ወሬ ጠይቆኛል።» እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ነው የደወለው ማለት ነው፤ ቀኖቹ ተቀላቅለውብኛል። «ቅዳሜ ወደ አዋሽ የሚወርድ መኪና አለ። ልጅቱ ጋ ራሴ እሄዳለሁ።»

«ደብዳቤ እየጻፍኩላት ነው» አልኩት።

«ጻፍ። እኔ ግን ከሷ ጥፋት ተቀብያለሁ። የሷ ያልሆነ ነገር ሁለት ዓመት እኔ ቤት ተቀምጧል። እመልስላታለሁ።»

ከፕሮግራሙ ተነስቻለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሶኛል። አሁን የማስታወቂያ ድምፅ ነው የማስተካክለው፣ የሲሚንቶና የሳሙና። ወደ ሥራሽ ትመለሺ እንደሆነ ጠይቄያለሁ፤ «ማመልከቻ ታስገባ» ተብያለሁ። ይህን የጻፍኩት ተስፋ ልሰጥሽ አይደለም፤ የተባልኩትን ልንገርሽ ብዬ ነው። አፉ በዪኝ ብዬም አልጽፍም። ያን ቃል አጠገቤ ሆነሽ በማይገባሽ ቦታ ስትዪው ሰምቻለሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር እንድታውቂ ነው። ራስሽን ማመን አቃተኝ ብለሽ ነበር። የተናገርሽውን ተናግረሻል። ያስታወስሽው ልክ ነበር።

ይህ ወረቀት በሾፌር እጅ ነው የሚመጣው፤ ከሙእሚን በፊት ይድረስሽ በኋላ አላውቅም። ሲመጣ የሆነውን ከመጀመሪያው ይነግርሻል፤ እየጠየቅሽ ስሚው። እኔ እዚህ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ስገለብጥ ደግሞ እጄ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የሱ ቃል ከኔ ወረቀት ጋር የማይገጥምበት ቦታ ካለ፣ እሱን እመኚ።

ታዴዎስ
ሰመራ