ሲፈለግ የማይጠፋ መብራት

ሰኞ
አሁንስ በቃኝ! አማካሪዬ ዶክተሩ የመመረቂያ ጽሑፌን መለሰብኝ። መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ አዲስ ሜሞሪ አለ። ዳታቤዝ የተጠየቀውን ቶሎ የሚያገኝበትን ማውጫ፣ ኢንዴክሱን፣ ለእሱ እንዲስማማ መንደፍ ነው ሥራዬ። ሜሞሪው ራሱ እኛ ጋ የለም፤ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል እሱን ሆኖ ይተውንልኛል። ዶክተሩ ታዲያ፣ "ፕሮግራሙን ራስሽ እያቆምሽው ተረፈ ማለት ምን ዋጋ አለው? መብራቱ ሳታስቢው ድርግም ሲል አሳዪኝ" አለ። እስከ ዓርብ። ካልሆነ ምዝገባዬ ይሰረዛል፤ ለትምህርት ወደ ላከኝ ኮሌጅ ባዶ እጄን መመለስ ነው።

ማክሰኞ
የግቢው ኮምፒውተር ላብ ጄኔሬተር ስላለው መብራት አይጠፋበትም። ሶኬቱን ልንቀለው ብል ቴክኒሻኑ፣ "የመንግሥት ንብረት ነው እህቴ" አለኝ። በባጃጅ ወደ ቤት።
መናኸሪያ አካባቢ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ አለችኝ፣ ባትሪ የላት ምን የላት። ፕሮግራሙን አስነስቼ መብራት እስኪጠፋ ጠበቅሁ። አይጠፋም! ከተማው እንግዳ አለበት መሰለኝ። በሀዋሳ መብራት ጥፋ ብላ የምትጸልይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ረቡዕ
ስጠብቅ ስህተት አገኘሁ። አዲስ መዝገብ ሲመጣ ኢንዴክሱ "እዚህ አለ" ብሎ ይቀድማል፤ መዝገቡ የሚጻፈው ኋላ ነው። መሃል ላይ ቢቋረጥ ባዶ ቦታ ይጠቁማል። ዕቃ ሳይገባ "ስኳር አለ" ብሎ እንደ መለጠፍ ነው። አስተካከልኩት፦ መጀመሪያ መዝገቡ፣ ጥቆማው በመጨረሻ።
ግን ማን ያጥፋልኝ? አከራዬን እትዬ አስቴርን ለመንኩ። ቆጣሪው በረንዳቸው ላይ ነው፤ ምድጃ ከሰካሁ ሳይነግሩኝ ያጠፉብኛል። "እትዬ፣ ነገ በፈለጉት ሰዓት ድንገት ያጥፉብኝ" አልኳቸው። አፈጠጡብኝ። "በሥራሽ ላይ? ምን በደልሽኝና!" ክረምቱን ሙሉ ሲያጠፉብኝ ከርመው ዛሬ አዘኑልኝ።

ሐሙስ
ጠዋት በመስኮት፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ዛሬ አልነካብሽም" ብለውኝ ወደ ቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባቸው ሄዱ። ወይ ጣጣ!
ፕሮግራሙ መዝገብ ይጨምራል፣ አምፖሉ ይበራል። ወጥቼ እንዳልሄድ፣ ብቻውን ትቼው? ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? ክፍሏ ጠበበችኝ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ።
በኋላ ራበኝ። ተስፋ ከቆረጥኩ አይቀር ብዬ ምድጃውን ሰካሁና ሽሮ ጣድኩ። ገና ሳይፈላ ድርግም!
"ምድጃ ሰክተሻል አይደል?" እትዬ ናቸው፣ ከስብሰባ ተመልሰዋል። "ቆጣሪው እንደ ጉድ ይሽከረከራል እኮ!"
እልል አልኩ። አበደች ብለው ነው መሰለኝ እየሮጡ መጡ። "ያብሩልኝ እትዬ፣ ያብሩልኝ!"
ሲበራ ዴስክቶፗን ከፈትኩ። ኢንዴክሱ የጠቆመው ሁሉ በቦታው አለ። መሃል ላይ የተቋረጠችው አንዷ መዝገብ አልገባችም፤ ኢንዴክሱም አለች አላለም። አልዋሸም! ጠረጴዛውን ሳምኩት።
ዶክተሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ነገ "አንዴ ብቻ?" ይለኛል። እትዬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ወደ እኔ በር ያያሉ።
ፕሮግራሙን አስነሳሁና ምድጃውን መልሼ ሰካሁት።