የጌታሁን ዓይነት መኪና

ጥቅ. 9/62 ዓ.ም.፣ ቢቸና፣ ጧት 2 ሰዓት

መኪና ልገዛ ነው! እንዴት አደርሽ እንኳ ሳልልሽ፣ ደብተሬ፣ አፌ አልችል አለ። ሞጣ ሁለት አሮጌ መኪና ለሽያጭ ቆሟል። በገዛ እጄ እየነዳሁ ሰውና እህል ከዚህ ሞጣ ላመላልስ! ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ ጌታሁን መንዳት አስተማረኝ እንጂ አንድ ቀን መሪውን ለቆልኝ አያውቅም። መንጃ ፈቃዴ ሳጥን ውስጥ አረጀ።

ታላቅ ወንድሙ አያ ደሴ አብረውኝ ይሄዳሉ። እሳቸው መኪናንም እንደ በቅሎ በዘር ነው የሚመርጡ። ይህ ቤት ከእንግሊዝ ሥራ ሌላ ነድቶ አያውቅም፣ ዘር እንዳትለውጪ አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔስ ሌላ ምን አውቃለሁ።

ጥቅ. 12፣ ሞጣ፣ ከሰዓት

የእንግሊዙን መኪና አየሁት። ቁርጥ የጌታሁንን! ቀለሙ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ዘልዬ ገባሁ። ገብቼ ደርቄ ቀረሁ። የሾፌሩ ወንበር በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ ልክ ጌታሁን ወደ ግራ አጋድሎ ሲቀመጥ እንደሚያጎደጉደው። ጤና አዳም ይሸታል፤ እሱ ከኪሱ የማይለየው። ጎድጓዳው ወደ ታች ይዞኛል፤ እግሬ ፍሬን አይደርስም። የመኪናው ባለቤት ቀጭን ልጅ፣ የአውራጃ ጸሐፊ። ከእኔ በቀር ማንም ነድቶት አያውቅም ይላል።

አያ ደሴ አለቀሱ። ወንድሜ ተመለሰ፣ በቃ ተዋዋይ አሉኝ።

በቅሎም ቢሆን ሳይጫን አይገዛም፣ ስምንት ጆንያ ጤፍ ይጫንና ዳገቱን ይውጣ አልኳቸው።

«ወንድሜን ልታስጭኚ ነው?»

ተጫነ። ጸሐፊው ነዳ፣ እኔ ከጎኑ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጸጥ። ከዚያ ጥሩምባው ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር። ጌታሁን ከበራችን ሲደርስ እንደሚነፋው። ዞሬ አየሁ፤ የልጁ ሁለት እጅ ጭኑ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ጥሩምባው እኮ ከተነቀለ ቆየ» አለኝ።

ጥቅ. 13፣ ሞጣ

ስገላበጥ አደርኩ። እየጠራኝ ከሆነ እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ? ግን ዳገት በማይወጣ መኪና እንዴት ልተዳደር?

ሌላኛው የጃፓን ሥራ ነው። እዚህ አገር ዘመዱን ያየ የለም። አያ ደሴ አልቀርብም ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። ያንኑ ስምንት ጆንያ አስጫንኩ። ራሴ ነዳሁ! እግሬ ደረሰ። ዳገቱን ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ያዘ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፣ ዘይት አያፈስም። ምንም አይሸትም። ማንም የለበትም። ባዶ! ሳቄ አመለጠኝ።

ተመልሼ ገብቼ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አያ ደሴ ብቻቸውን አይደሉም። ወደ ግራ ያጋደለ ሰው አጠገባቸው ቆሟል። ዞር ስል፣ እሳቸው ብቻ።

ጥቅ. 14፣ ቢቸና፣ ማታ

ገዛሁት፣ ደብተሬ! ጃፓኑን! ከሞጣ ቢቸና ነድቼ ገባሁ። አያ ደሴ ደጅሽን አልረግጥም ብለዋል። ይረግጣሉ። በግ ይታረዳል፣ ቄሱ መኪናውን ጠበል ይረጩታል። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ያ ቀጭን ጸሐፊም አይቅር። ጌታሁንም ይምጣ፣ አልከለክልም። ግን ከኋላ ይቀመጣል፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ጥቅምት 27፣ ለመድኃኔ ዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም ይምጣ።