የታሰረው የነፋስ መዘውር ይፈታልን

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ በላይነህ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር።

እንደምን ሰነበቱልን? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ሌላው አካልዎ ከሥራ የራቀ ስለሆነ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ ፈንታሁን፣ አምና በአውራ ጣቴ እፈርም የነበርሁት፣ ዘንድሮ ግን ከማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል አንደኛ ወጥቼ ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ የሚተካከለኝ ጸሐፊ የጠፋው ሰው፣ ይህን ደብዳቤ በኅብረት ሱቁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ማንበብ ለማይችሉትም ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ኮረብታው ላይ የተተከለው የነፋስ መዘውር ከጉድጓድ ውኃ ሲስብልን ነዳጅ አልጠየቀንም፣ ጭስ አላጨሰብንም፣ መዋጮም አላለንም። ባለቤቴ ትርንጎ እንስራ አዝላ ገደል መውረዷ ቀርቶ ወገቧ ቀና ብሎ ነበር፤ እርስዎ ያስተከሉን ችግኝ እንኳ እንደ ምንም ቅጠል አወጣ። ታዲያ ባለፈው እሑድ ንግግር ሲያደርጉ ሕዝቡ እርስዎን ትቶ መዘውሩን ቢያይ፣ ሊቀ መንበር ሲናገር ማንም መንቀሳቀስ እንደሌለበት አስረድተው መዘውሩን በገመድ ማሳሰርዎ ከሌላ አገር ሊቀ መንበር የማይጠበቅ ጥበብ ነው። እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ መዘውሩ ግለ ሂስ ካላደረገ አይፈታም ማለትዎን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ልቡ የደነደነ ነው መሰለኝ። ችግኙ ግን ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንደ እሱ ያለ ሥርዓት የያዘ ተሰብሳቢ ከየት ይገኛል! ትርንጎም ወደ ገደሏ ተመልሳለች። ትናንት አዳልጧት እንስራው ተሰባበረ። እሷ ስለተረፈች ለእሑዱ ስብሰባ ትደርስልዎታለች፣ አይስጉ።

ሦስተኛ፣ መዘውሩ የታሰረበት መጫኛ የእኔ ነው። ለሰልፉ የመፈክር ጨርቅ መወጠሪያ ብለው ተውሰውኝ ነበር፤ አህያዬ ወደ እብናት ገበያ እህል የምትጭንበት እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ መዘውሩን ይፍቱልን ብዬ አልደፍርም፤ መጫኛዬን ብቻ ይመልሱልኝ።

አውራ ጣቱን ጡረታ አውጥቶ በብዕር የሚፈርመው፣ ዕድሜዎ እንደ ንግግርዎ እንዲረዝም የሚመኝልዎ አክባሪዎ፣
ፈንታሁን

ማስታወሻ፦ በመልስ እንዳላደክምዎ ብዬ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ ኮረብታው ላይ ወጥቼ መጫኛዬን ራሴ ፈትቼ ወስጃለሁ። የወሰድሁት መጫኛዬን ብቻ ነው፤ መዘውሩ የዞረው በገዛ ፈቃዱ ነው። ትርንጎም በጎረቤት እንስራ ቀድታ ገብታለች። የግድ ጥፋተኛ የሚፈለግ ከሆነ ነፋሱ ሁልጊዜ የሚመጣው በጉና ተራራ በኩል ነው፤ አድብተው ያሳስሩት። ገመድ ግን ከሌላ ሰው ይዋሱ።