እህቴ ስንት ጊዜ ተጠቀሰች?

ጥር 6
ለሚመለከተው ሁሉ! ከባድ ዜና ነውና ወንበር ያዙ። ከሁለተኛ ዓመት የተባረርኩት እኔ፣ ዛሬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምሁራን መዛኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለሁለት ወር። የማን ጥናት በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ፣ ከማን ጋር ጻፈ... ቆጥሮ ሰንጠረዥ መሙላት። የዶሮ ቆጠራ በለው።

ጥር 9
ዛሬ የማን ማኅደር ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? የታላቅ እህቴ! እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን እንዴት እንደሚነኩ ነው የምታጠናው። ቆጠራውን ካላለፈች ቤተ ሙከራዋ ይዘጋል። ስድስት ዓመት የለፋችበት።
እራት ላይ «እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አቀብይኝ ካልኩሽ ብድግ ነው!» አልኳት።
«አንተ ቀልማዳ! ብቻ እንዳታዳላልኝ።»
«ማድላት? እቀንስብሻለሁ እንጂ!»
ሳቀች። ግን አልበላችም።

ጥር 14
መቶ ሰባት ጊዜ ተጠቅሳለች! ራሷን የጠቀሰችበት ሲወጣ ሰማንያ ስምንት። ልጨፍር ምንም አልቀረኝ... ኃላፊዬ በትከሻዬ በኩል አየችና «የክፍሏ ፕሮፌሰር ስማቸው ያለበትን ጥናት አውጣ። ብቻዋን የሠራችው ነው የሚቆጠርላት» አለች።
«የሳቸው ሲቆጠርስ እሷ ያለችበት ይወጣል?»
«እሳቸውማ አለቃ ናቸው።»
አንድ ወረቀት... ለሳቸው ይደመራል፣ ከእሷ ይቀነሳል። እኔ በሂሳብ ወድቄ ነው የተባረርኩት። እነዚህ በምን አለፉ?
ቤት ገብቼ «ፕሮፌሰሩ ምን ሠሩ?» አልኳት።
«ርዕሱን አነበቡ።»

ጥር 15
አሥራ ሁለት። እህቴ አሥራ ሁለት ሆና ቀረች።

ጥር 17
ንዴቴን በቀልድ ላወጣ... ገጽ ሁለት ላይ ማን ከማን ጋር እንደሠራ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሰው ክብ ነው፣ አብሮ መሥራት መስመር። መሀል ያሉት ፕሮፌሰሩ ላይ ስምንት እግር ቀጠልኩ። እህቴን ድሩ ላይ ዝንብ አደረግኳት። አይቼ ልቀደው ነበር። ኃላፊዬ መጥታ «ለኮሚቴው ነው» ብላ ማኅደሩን አፈፍ! ሸረሪቱን ጭምር።

ጥር 18
ምን ነካኝ? በገዛ እጄ ጉድ ሠራኋት? ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ስምንቱም እግር ነበረው?» አለችኝ። ከዚያ በሯን ዘጋች።

ጥር 24
ተወሰነ። ይዘጋል። ሮጬ ኃላፊዬ ጋ...
«ጥፋቱ የኔ ነው! ሥዕሉን እኔ ነኝ የ...»
«የምን ሥዕል?»
ገጽ ሁለትን የገለጠ የለም። አምስቱ የኮሚቴ ሰዎች ገጽ አንድ ላይ አሥራ ሁለትን አይተው ተነሱ። አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸው።
«ሰንጠረዥህ ግን ንጹሕ ነው። ኮንትራትህ ይራዘማል።»

የካቲት 2
ስድስት ዓመቷ ሁለት ካርቶን ሞላ። ተሸከምኩላት። ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ዓመቶችን ኮምፒውተር አከፋፈት ታስተምራለች። መንገድ ላይ ላስቃት ፈለግኩ... ምንም አልመጣልኝም።
ለእነሱ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ያ ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝ ጥፋቴም ተራ ነገር ሆኖ አረፈው። ማንም ያላየው ቀልድ።
ገጽ ሁለትን ገልጠው ቢያዩት ይሻል ነበር።